ሁለተኛው ጥቅል

ጋንዴ ሆዱን ይዞ ለአራተኛ ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ።

ዋይም ሞላላውን የራግቢ ኳስ እንደያዘ ሜዳው መሐል ቀረ። ከጎህ ጀምሮ እየቆጠረ ነበር። የመጀመሪያው ሌሎቹ ከእንቅልፍ ሳይነሱ፣ ሁለተኛው ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ሦስተኛው ሩጫ ሲጀመር። አሁን አራት። ጋንዴ ሲሮጥ እግሩ ይብረከረክ ነበር። ነገ ከአርባ ሜትር ኳስ ይለጋል ተብሎ የሚጠበቀው ይኸው እግር ነው።

«ይሄ ልጅ ሽንት ቤቱን ሊይዘው ነው እንዴ?» አለ ዴገ። ዴገ ሰፊ ልጅ ነው። በግጥሚያ ከፊት ሆኖ የሚጋጨው እሱ ነው፤ ከግጥሚያ ውጭ ደግሞ አፉ አያርፍም። «ካርታ ይሰጠው በቃ!»

ከወንዙ ወዲህ የመጡት ልጆች ሳቁ። ከማዶ የመጡት አልሳቁም።

ዋይምም አልሳቀም። ጋንዴ ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን እንደበላ የሚያውቅ ከራሱ ከጋንዴ ሌላ እሱ ብቻ ነበር።

ቡድኑ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሰፈረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከትልቅ ግጥሚያ በፊት ወጉ እንደዚያ ነው። ልጆቹ በአንድ ክፍል ያድራሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ፣ ከግቢ አይወጡም። ከውጭ የመጣ ምግብ ደግሞ አይነካም። ሕጉን ያወጡት መምህር ቶሊማን አይደሉም፤ ከእሳቸው በፊት የነበረ ነው። ጠላት በምግብ ውስጥ ምን እንደሚጨምር አይታወቅም ይባላል። መምህሩ ከሩቅ ከባሕር ደሴት የመጡ እንጂ የአገሩ ሰው አይደሉም፤ ወሬውን ባያምኑበትም ሕጉን ወደውታል። «ሆዳችሁን ጠብቁ፣ እግራችሁ ይጠብቃችኋል» ይላሉ።

ልጆቹ አሥራ ሰባት ናቸው። ዘጠኙ ከወንዙ ወዲህ፣ ስምንቱ ከማዶ። ከአምስት ዓመት በፊት ሁለቱ ወገኖች በመሬት ተዋግተዋል። የዋይም እናት ወንድም፣ ካውፓ፣ ድንች ማሳው ዳር በቀስት ተወግቶ የሞተው ያኔ ነው። በኋላ ሽማግሌ ገባ። ማዶዎች አሳማ ነድተው መጡ። ታረደ፣ ተበላ፣ ዕርቅ ሆነ፣ ድልድዩ ተከፈተ። መምህር ቶሊማን ሲመጡ ከሁለቱም ዳር ልጆች መርጠው አንድ ማሊያ አለበሷቸው። ሰው ሳቀባቸው። አሁን ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሷል፤ ነገ ቅዳሜ በአውራጃው ከተማ በኩንዲያዋ ይጫወታል። የሚስቅ የለም።

የዋይም ሥራ ከተጣለ ተጫዋች እግር ሥር ኳሱን አንስቶ ማቀበል ነው። የሚያቀብለው ለጋንዴ ነው። ጋንዴ እጁን ሲዘረጋ ዋይምን አያየውም፤ የሚያየው ሊጥሉት የሚመጡበትን ነው። ኳሱ እጁ ውስጥ እንደሚገባ ያምናል። ይገባልም። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሲጫወቱ ከሜዳ ውጭ ብዙ ተነጋግረው አያውቁም።

ትናንት ከምሳ በኋላ እናቱ ከቀርከሃው አጥር ወዲያ ሆና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራችው። ከግንባሯ የተንጠለጠለውን የክር ዘንቢል አወረደችና በሙዝ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ጥቅሎች በሽንቁሩ አቀበለችው። በጋለ ድንጋይ የበሰለ የአሳማ ሥጋ። ሽታው ቅጠሉን አልፎ ይመጣል።

«እማ፣ አይፈቀድም እኮ!»

«ቀስ በል። ትልቁ ያንተ ነው።»

«ትንሹስ?»

«ትንሹ የዚያ ኳስ የሚለጋው ልጅ ነው።»

«የጋንዴ?»

«ስሙን መች ጠየቅኩህ? ስጠው ነው ያልኩት።»

ዘንቢሏን መልሳ ግንባሯ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። ዞር ብላም አላየችው።

ዋይም የራሱን ከውሃው ታንከር ጀርባ ተቀምጦ ጨረሰ። ትንሹን ለጋንዴ ሰጠው። ጋንዴ ግማሹን በላና ግማሹን ለነገ ብሎ ጠቀለለው። «እጇ ይባረክ» አለ። ያን ጊዜ ዋይም ደስ ብሎት ነበር።

አሁን ግን የዕርቁ ቀን ትዝ አለው። ሰው ሁሉ ሲበላ እናቱ ድርሻዋን ከፊቷ ገፋች። «የወንድሜን ዋጋ አልውጥም» አለች። ሽማግሌዎቹ ለመኗት፤ እምቢ አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ማዶ ሰው ክፉም ደግም ከአፏ አልወጣም። ድልድዩንም ተሻግራ አታውቅም።

እንዲህ ያለች ሴት ለማዶ ልጅ ሥጋ ለምን ትልካለች? ለምንስ ለብቻው ጠቀለለችው? ከአንዱ ተካፈሉ ብትል ምን ነበረበት?

ስለ እናቱ እንዲህ ማሰቡ አስፈራው። ሐሳቡን ሊያባርረው ኳሱን ወደ ላይ ወረወረና ቀለበው። ደግሞ ወረወረ። ሐሳቡ አልሄደም።

በዚያ ጠዋት መምህር ቶሊማን ሜዳ አልወጡም። መኪና ሊያመጡ ከተማ ሄደዋል ተባለ። ማን እንዳለው ማንም አያውቅም። ልምምዱን ያስጀመረው አምበሉ ከሬንጋ ነው። ከሬንጋ የማዶ ልጅ ነው፤ የጋንዴ የአጎት ልጅ። ጋንዴ ሽንት ቤት ሲዘገይ ሄዶ ደግፎ አመጣው። የልጁ ከንፈር አመድ መስሏል። ሜዳው ዳር ካለው የሸውሸዌ ዛፍ ሥር አስተኛውና ወደ ሌሎቹ ዞረ።

«ሁላችሁም ክፍል ግቡ። ቦርሳችሁን አውጡ።»

«ምን ጠፍቶ ነው?» አለ ዴገ።

«አሥራ ሰባት ሆነን ከአንድ ድስት በላን። የታመመው አንድ ነው። እሱም ኳስ ለጊው። እሱም የማዶው። ይሄ ላንተ ቀልድ ነው?»

«ቁርጠት ወንዝ ለይቶ ነው እንዴ የሚይዘው?»

«ዴገ፣ ዛሬ ሙድ አትያዝብኝ።»

ቦርሳዎቹ ተከፈቱ። ከመጀመሪያው የተጠበሰ በቆሎ ወጣ። ከሚቀጥለው ለውዝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ የዶሮ እግር፣ ሸንኮራ፣ ጠቁሮ የተልፈሰፈሰ ሙዝ። ከሬንጋ እያወጣ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይከምራል። ከዴገ ቦርሳ አንድ ሙሉ ዳቦ ወጣ።

«እህቴ ናት» አለ ዴገ። «እኔ ምን ላድርግ? ዳቦ ካላቀፍኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ታውቃለች።»

አንዱ ልጅ የከሬንጋን ቦርሳ ከፈተ። አራት የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ አንዱ የተገመጠ። ከሬንጋ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ ወዲህም ማዶም። እናት የሌለው አያት አለው፣ አያት የሌለው እህት አለው። ሕጉን ያልጣሰ አልተገኘም።

ሳቁ ሳያልቅ ከሬንጋ የጋንዴን ቦርሳ ገለበጠው። የሙዝ ቅጠል ጥቅል ወለሉ ላይ ወደቀ።

አንስቶ አሸተተው።

«ሥጋ ነው» አለ። «የኛ የማዶዎች ምግብ ረቡዕ ስንገባ ይዘነው የገባነው ነው። ከዚያ ወዲህ ከማዶ የተሻገረ ሰው የለም። ይሄን እዩት። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። የትናንት ነው።»

የሚስቅ ጠፋ። ልጆቹ ሳያስቡት ተከፋፈሉ፤ ዘጠኙ በመስኮቱ በኩል፣ ሰባቱ በበሩ በኩል። ዋይም ከመስኮቱ ወገን ራሱን አገኘው። እንዴት እዚያ እንደቆመ አላወቀም።

«ማን ሰጠው?»

ዋይም ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

«ዴገ፣ ትናንት የምግብ ተረኛው አንተ ነህ። እሱና ቲቸር ኳስ መለጋት ሲለማመዱ አመሹ። ራታቸውን ያስቀመጥክላቸው አንተ ነህ።»

«ድንች ነው ያስቀመጥኩት! እናንተ የበላችሁትን ድንች! ቲቸርም በልተዋል።»

«ቲቸር የት አሉ ታዲያ?»

ዴገ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አየ።

«ሥጋውስ?»

«አቦ፣ ሥጋ ቢኖረኝ ለሱ እሰጣለሁ? እስቲ እየኝና ፍረድ!»

ዴገ ሆዱን መታ አድርጎ አሳየ። ማንም አልሳቀለትም። ወደ መስኮቱ ወገን ዞሮ አንድ ሰው እንዲናገርለት ጠበቀ። ከወገኖቹም ሁለቱ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ነቀሉ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ ከሬንጋ። «አባቴ ጠዋት ማታ የሚለኝ ይሄንን ነው። እኔ ፋራ ነኝ፣ ቡድን ነን አልኩት። ጋንዴን ይዤ እሻገራለሁ። ይሄንንም አሳያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እነሱ ይጠይቁ።»

ድልድዩ ከትምህርት ቤቱ በር ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። የማዶ ወንዶች ቡዋይ የሚባለውን አፍ የሚያቀላ ፍሬ እያኘኩ፣ ቀዩን ምራቅ ወደ ወንዙ እየተፉ ድልድዩ ራስ ላይ ይውላሉ። የታመመ ልጅና የሥጋ ጥቅል ካዩ፣ ተረኛው ማን ነበር ይላሉ። ዴገ ይባላል። ከዚያ በኋላ ግጥሚያ የለም፤ ድልድይም የለም። ዋይም አሥር ዓመቱ ሳለ ካውፓን በቃሬዛ ሲያመጡት አይቷል። የቃሬዛው ጨርቅ ደም ያንጠባጥብ ነበር።

ከሬንጋና ሌሎቹ የጋንዴን ብርድ ልብስ ሲጠቀልሉ ዋይም ቀድሟቸው ወጣ። ጋንዴ ሸውሸዌው ሥር በጎኑ ተኝቷል።

«ያሳመመችኝ እናትህ ናት፣ አይደል?» አለ ጋንዴ።

«እኔ እንጃ። የሰጠችኝ እሷ ናት።»

«ምን በደልኳት?»

«ምንም።»

«ካውፓ ሲሞት እኔ እኮ አሥር ዓመቴ ነበር።»

«እኔም።»

ጋንዴ ቁርጠቱ እስኪያልፍለት ጥርሱን ነከሰ። «ለከሬንጋ አልነገርኩትም» አለ።

«ለምን?»

«ከነገርኩት ወዲያ ኳስ ከማን ልቀበል ነው?»

ዋይም እናቴ እንዲህ አታደርግም ማለት ፈለገ። ግን እርግጠኛ የሆነበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ጥቅሉን የሰጠው እሱ ነው፣ ዴገ አይደለም።

ከሬንጋ የግቢው በር ጋ ደርሶ ነበር። ሁለት የማዶ ልጆች ጋንዴን ሊያነሱ መጡ። ዴገ እጁን አንጠልጥሎ ከኋላ ቆሟል፤ አፉ ለመጀመሪያ ጊዜ አርፏል።

«ከሬንጋ፣ ቁም!» አለ ዋይም። «ዴገ አይደለም። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ከእናቴ ነው።»

«ከእናትህ?»

«የካውፓ እህት?» አለ ከማዶ ልጆች አንዱ።

የሟቹ ስም በሁለቱ ወገኖች መካከል እንዲህ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ዓመታት አልፈዋል።

«ምን ብላ ሰጠችህ?» አለ ከሬንጋ።

«ለሱ ስጠው አለችኝ።»

«ለሱ ለብቻው?»

ዋይም እዚህ ላይ መዋሸት ይችል ነበር። ተካፈሉት አለችን ቢል ማን ያውቃል?

«ለብቻው» አለ።

ከሬንጋ ጥቅሉን አጥብቆ ያዘ። መልሱን የጠበቀ አይመስልም፤ ዴገ ቢሆንለት የሚሻለው ይመስል ነበር።

«አምጣው» አለ ዋይም።

«ምን ልታደርገው?»

«አምጣው።»

ከሬንጋ በእጁ እንደያዘው ዋይም ቅጠሉን ፈታው። ሥጋው ቀዝቅዟል፤ ጮማው ረግቶ ነጭ ሆኗል። ቆረሰና አፉ ውስጥ ከተተ።

በዝግታ አኘከ። ጨው፣ ዝንጅብል። የእናቱ እጅ ነው፤ ጥርስ ካወጣ ጀምሮ የሚያውቀው። ከዚያ ሥር ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ በምላሱ ፈለገ። የመረረው መሰለው። የፈራ ሰው ምላስ አይታመንም። ደግሞ ቆረሰ፣ ዋጠ፣ ደግሞ ቆረሰ። ቅጠሉ ላይ አንዲት ቁራሽ ስትቀር ዴገ በልጆቹ መሐል ሰብሮ ገባና ነጠቃት።

«ተረኛው ማን ነው? እኔ!» አለ። «ደግሞ በነጻ ተሰድቤ ሥጋው ይቅርብኝ?»

ሳያኝክ ዋጣት።

ከሬንጋ ባዶውን ቅጠል አየ። ሁለቱን አየ። «እስከ ቀትር እንጠብቃለን» አለ። «ከሁለታችሁ አንዱ ሆዱን ከያዘ እሻገራለሁ።»

«ካልያዘንስ?» አለ ዴገ።

«ያን ጊዜ ይታያል።»

ጥላው ሥር ተቀመጡ። ኳስ የነካ የለም። አሥራ አምስት ልጆች የሁለት ልጆችን ሆድ ሲጠብቁ ሰዓቱ አይገፋም። ዋይም ውሃ ሊጠጣ ቢነሳ ሁለት የማዶ ልጆች ተከተሉት። ዴገ ሲያገሳ ሁሉም ደንግጦ ዞረበት።

«ይሄ የኔ የወትሮ ነው» አለ ዴገ። «አትመዝግቡብኝ።»

የዋይም ሆድ ጮኸ። ቆይቶ ከእምብርቱ በላይ የሚወጋ ነገር ተሰማው፤ ትንፋሹን ያዘ። ጠፋ። መልሶ መጣ። ሕመም ይሁን ፍርሃት መለየት አቃተው። አንድ ነገር ግን ገባው፤ ባይታመምም እንኳ አንድ ጠዋት ሙሉ እናቴ ገዳይ ናት ብሎ ማሰቡ አይቀርለትም። ያሰበውን ማን ያወጣለታል?

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከግቢው ጥግ የመምህሩ ቤት በር ተከፈተ። መምህር ቶሊማን ግድግዳውን ይዘው ወጡ።

«ቲቸር!» አለ ከሬንጋ ብድግ ብሎ። «ከተማ አልሄዱም እንዴ?»

«ምን ከተማ? ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤት ነው ስሄድ ያደርኩት።» ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ላብ በላብ ነው። «ጋንዴ እንዴት ነው? እሱንስ ያዘው?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ያ ዓሣ ነው» አሉ መምህሩ። «ዴገ ድንች አስቀምጦልን ነበር። ልጁ ሲለጋ አምሽቶ ድንች በባዶው አይበላም ብዬ፣ ረቡዕ የተከፈተ የጣሳ ዓሣ ነበረ፣ እሱን ጨመርኩበት። ሽታው ደስ አላለኝም። ከሚጣል ብዬ…» ራሳቸውን ነቀነቁ። «የውጭ ምግብ እንዳትነኩ ያልኳችሁ ሰውዬ።»

ከሬንጋ ወደ ጋንዴ ዞረ።

«ዓሣ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ቲቸር ናቸው የሰጡኝ» አለ ጋንዴ። «ከራሳችን ድስት ነው። ያንን ማን ይጠረጥራል?»

ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን ኖሮ እንደዚያው ያስብ ነበር።

መምህሩ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጠው ለጋንዴ ሰጡት፤ ራሳቸውም ጠጡ። ከዚያ ክፍል ገብተው ጠረጴዛቸው ላይ የተከመረውን አዩ። «በሉ ብሉት እንግዲህ» ብለው ወጡ።

ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበቡ። የማዶዎቹ እጅ መጀመሪያ የሄደው ወደ ማዶ ለውዝ ነው፤ የወዲህኞቹ ወደ ወዲህ ሸንኮራ። ዴገ ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ለራሱ አደረገና ሌላውን ለከሬንጋ ዘረጋለት። ከሬንጋ ተቀበለው። አሸተተው። ከዚያ በላው።

«ጠረጠርኩህ» አለ፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ።

«አየሁ እኮ» አለ ዴገ። «ድንችህን አምጣ።»

ዋይም ብዙ አልበላም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቱ መጣች። ከአጥሩ ወዲያ እዚያው ሽንቁር ጋ ቆማ ጠራችው። ዘንቢሏ ዛሬ ባዶ ነው።

«ልጁ በላ?» አለች።

«በላ።»

«ጨው አልበዛበትም?»

«አልበዛም።»

ራሷን ነቀነቀች። ትሄዳለች ብሎ ሲጠብቅ አልሄደችም።

«ባለፈው ቅዳሜ» አለች፣ «የተጋጣሚዎቻችሁ ያ ግዙፉ ልጅ ሲጥልህ ሳትነሳ ቀረህ። እኔ ከሜዳው ገመድ ጀርባ ነበርኩ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ያ ኳስ የሚለጋው ልጅ ኳሱን ይዞ ሊያገባ ነበር፣ መንገዱ ክፍት ነበር። ኳሱን ጣለና መጣልህ። ሰው ሁሉ ሲጮህበት ጣለው።»

ዋይም ይህን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ሰማዩንና በብብቱ የገባ እጅ ብቻ ነው።

«አምስት ዓመት ለማዶ ሰው እሳት አንድጄ አላውቅም» አለች። «ለብቻው የጠቀለልኩለት ካንተ የተረፈ እንዳይመስለው ነው። የሱ ድርሻ መሆኑን እንዲያውቅ።»

ዋይም ቀርከሃውን ያዘ።

«ምነው? ፊትህ ልክ አይደለም።»

ነገን እያሰብኩ ነው ቢላት ታምነዋለች። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የጠዋቱ ወሬ ነገ ባይሆን ከነገ ወዲያ ይደርሳታል፤ አሥራ ስድስት አፍ አለ። ልጅሽ ሥጋውን በፊታችን በላው ይሏታል፤ ትኮራም ይሆናል። እያኘከ ስለ እሷ ያሰበውን ግን የሚያውቅ ሰው የለም። እሱ ካልነገራት የሚነግራት አይኖርም።

ይህ ደግሞ በአጥር ሽንቁር የሚነገር አልነበረም።

«እማ፣ እዚያው ጠብቂኝ» አላት።

አጥሩን ይዞ እስከ በሩ ሄደ። ከሬንጋ እግሩን በሩ ላይ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር።

«የት?» አለ ከሬንጋ። «መውጣት ክልክል መሆኑን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። እናቴ ውጭ ቆማለች። የምነግራት ነገር አለኝ።»

ከሬንጋ ፊቱን አየው። ሌላ አልጠየቀም። እግሩን ሰበሰበለት። ዋይም በሩን ከፍቶ ወጣ።